የአፍንጫ ፖሊፕ ቀዶ ሕክምና፦ ከመግባታችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ የሚጠብቃችሁ

የአፍንጫ ፖሊፕ፣ ማለትም በአፍንጫ ውስጥ የሚንጠለጠለው ለስላሳ እብጠት፣ አያምም፤ ሰውን ለዓመታት የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። አፍንጫው የታፈነ ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» በሚልበት አገር እኔም እንደ ሌላው «ሳይነስ አለብኝ» እያልኩ፣ ሲበርድ በብርዱ፣ ሲደርቅ በአቧራው እያመካኘሁ ብዙ ጊዜ አሳልፌአለሁ። ነገር ግን ጉንፋን በሳምንት በዐሥር ቀን ለቆ ይሄዳል፤ የእኔ አፍንጫ ክረምትና በጋ አይለይም ነበር። ሁለቱም ቀዳዳዎች ተደፍነው ሌሊቱን በአፌ ስተነፍስ አድራለሁ፤ ጠዋት ጉሮሮዬ ደርቆ፣ በዓይኖቼ መካከል ክብደት ተሰምቶኝ እነሣለሁ፤ ወፍራም ንፍጥ በኋላ በኩል ወደ ጉሮሮዬ ይወርዳል። ድምፄ ከመታፈኑ የተነሣ ተማሪዎቼ «መምህር፣ ዛሬም አልተሻለዎትም?» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ ቀስ ብሎ የጠፋው ማሽተት ነው። ሽታ በአንድ ቀን ስለማይጠፋ መጥፋቱን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቀው አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ባለቤቴ ከደጅ ገብታ ሽሮው ማረሩን ስትነግረኝ እኔ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ፈተና አርም ነበር። የማስተምረው ኬሚስትሪ ስለሆነ ነገሩ የምግብ ጣዕም ከማጣት ያለፈ አደጋ እንዳለው ቶሎ ገባኝ። አሞኒያ ስለሚቆጠቁጠኝ መኖሩን አውቃለሁ፤ ከሲሊንደር የሚያፈተልክ የምድጃ ጋዝ ግን አጠገቤ ሆኖ ላላውቀው እችላለሁ። ማሽተት የተሳናችሁ አንባቢዎች፣ ሕክምናችሁ እስኪጠናቀቅ ድረስ የጋዝ ምድጃውን የሚቆጣጠር፣ የሰነበተ ወጥና ወተት አሽትቶ የሚለይላችሁ ሰው በቤት ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

በዚያን ጊዜ መጽናኛዬ የአፍንጫ ጠብታ ነበር። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገኙት እንደ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን ያሉት ጠብታዎች የደም ሥሮችን አጥብበው በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ይከፍታሉ። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ ግን ጠብታው ኃይሉን ሲጨርስ አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ይታፈናል፤ ሰውየውም እንደገና ያንጠባጥባል፤ እንዲህ እያለ ብልቃጡ ከኪሱ አይለይም። ከዚህም በላይ እነዚህ ጠብታዎች ፖሊፕን አያሟሽሹም። ብልቃጡን በየወሩ የምትገዙ ከሆነ ይህ ብቻውን የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። ስለ ባሕር ዛፍ መታጠንና ስለ ጤና አዳም ማሽተት ብዙ አልልም፤ ለጊዜው ያቀሉ ይሆናል፣ ፖሊፕን ግን አያጠፉም። እንጥል ማስቆረጥን የመከሩኝ ሰዎችም ነበሩ፤ እንጥል ከዚህ ሕመም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ መቁረጡም የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን አደጋ አለው፤ ፈጽሞ እንዳታደርጉት።

በሄድኩባቸው ክሊኒኮች አፍንጫዬ ውስጥ በወጉ ሳይታይ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ ይታዘዝልኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ወጣት የጤና መኮንን ባትሪ አብርቶ ተመለከተና «ሥጋ ነገር ይታየኛል» ብሎ ወደ ስፔሻሊስት ላከኝ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በማንኛውም ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ በግራና በቀኝ በተፈጥሮ ያበጠ የሚመስል ሥጋ አለ፤ ቀላ ያለና ሲነካ የሚያም ነው። ፖሊፕ ደግሞ ነጣ ወይም ግራጫ ያለ፣ የተላጠ የወይን ፍሬ የሚመስል፣ ሲነካ እምብዛም የማይሰማ ነው። በመስታወት ፊት በስልክ መብራት ራሳችሁን እያያችሁ «በቅሎብኛል» ብላችሁ አትደንግጡ፤ «የለብኝም» ብላችሁም አትዘናጉ። ቁርጡን የሚያሳየው በቀጭን የካሜራ ቱቦ የሚደረገው የኢንዶስኮፒ ምርመራ ነው።

ለዚህ ምርመራ አዲስ አበባ ሄድኩ። እኔ ከደሴ ነኝ፤ እንደ እኔ ከክፍለ ሀገር የምትመጡና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆናችሁ የሪፈር ወረቀታችሁን ሳታሟሉ እንዳትነሡ፤ ያለ እሱ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ሐኪሟ አፍንጫዬን በማደንዘዣ ካረጠቡ በኋላ ቱቦውን አስገቡ፤ ይቆረቁራል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሕመም ግን የሚባል አይደለም። ምስሉን በስክሪኑ ላይ እያሳዩኝ በእርጋታ አስረዱኝ፦ ፖሊፕ ካንሰር አይደለም፤ የአፍንጫና የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ አጥንቶች ውስጥ ያሉት አየር የያዙ ክፍተቶች) ስስ ሽፋን ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ውኃ ቋጥሮ የሚያብጥና የሚንጠለጠል ነው፤ በብዛት የሚነሣውም በአፍንጫና በዓይን መካከል ካሉት ትንንሽ የሳይነስ ክፍሎች ነው። አስም እንዳለብኝ፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ስወስድ ትንፋሼ ያጥረኝ እንደሆነም ጠየቁኝ። ፖሊፕ፣ አስምና የእነዚህ መድኃኒቶች አለመስማማት አንድ ላይ የሚገኙባቸው ሕሙማን አሉ፤ በእነሱ ላይ ፖሊፑ ቶሎ የመመለስ ጠባይ አለው፣ ክኒኑም ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ መወጋት እንደ ቀላል ነገር በሚታይበት አካባቢያችን ይህን ጥያቄ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እንኳ እናንተው አንሡት። ሌላው ያሳሰቡኝ ነገር፣ እብጠቱ በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን፣ በተለይም የሚደማ ከሆነ፣ ሌላ ዓይነት ዕጢ እንዳይሆን ሳይዘገይ መመርመር እንዳለበት ነው፤ ፖሊፕ የተገኘበት ሕፃንም እንዲሁ የተለየ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቀዶ ሕክምና ወዲያው አልታዘዘልኝም። መጀመሪያ በአፍንጫ የሚነፋ የስቴሮይድ (ቁጣንና እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት) ስፕሬይ፣ የጨው ውኃ እጥበትና ለአጭር ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን ተሰጠኝ። ክኒኑን በጀመርኩ በቀናት ውስጥ አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ሽታም ተመለሰ፤ ዳንኩ ብዬ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ደወልኩ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ግን ሳይቆይ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ለእኔ መንገዱን ያስለወጠኝ ይህ ነበር፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል የማሽተት ነርቮቼ እንዳልሞቱና መንገዱ ቢከፈት ሊሠሩ እንደሚችሉ አየሁ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ስፕሬዩ በፖሊፑ ታግዶ ወደ ውስጥ እንደማይደርስ ተረዳሁ። በዚህ ደረጃ ላይ የምትገኙ ሰዎች የሚገጥማችሁ ፈተና ያንኑ ክኒን በራሳችሁ እየገዙ መቀጠል ነው። ፕሬድኒሶሎን ሲደጋገም ስኳርና የደም ግፊት ያስነሣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ጨጓራ ይጎዳል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሲታዘዝላችሁም ምግብ በልታችሁ ውሰዱት፤ ጾም ላይ ከሆናችሁ የአወሳሰዱን ሰዓት ከሐኪማችሁ፣ የጾሙን ነገር ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሃይማኖት መምህራችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ቀዶ ሕክምናው እንደሚያስፈልግ ሲወሰን ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ይህ ምርመራ ገንዘብ ስለሚጠይቅ «ፖሊፑ ታይቷል፤ ደግሞ ሲቲ ስካን ለምን?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሳይነስን ከዓይን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ከበላዩ ያለውም አጥንት አንጎልን የሚሸከም ነው። የአጥንቱ ቅርጽ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለቀዶ ሐኪሙ ሲቲ ስካኑ የመንገዱ ካርታ ነው፤ ያለ እሱ እንሥራ የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሁለተኛ ሐኪም አማክሩ። ፊልሙንም ሆነ ሲዲውን በቀዶ ሕክምናው ዕለት ይዛችሁ መሄዳችሁን አትርሱ፣ ከዚያም በኋላ በደንብ አስቀምጡት።

ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ዋናው ነገር የምትወስዱትን ሁሉ መናገር ነው፤ ክኒኑን፣ መርፌውን፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር። አስፕሪንና ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች የደም መፍሰስን ስለሚያበዙ ሐኪሙ ቀደም ብለው እንዲቋረጡ ሊያዝዝ ይችላል፤ ለልብ ወይም ለደም መርጋት የምትወስዱትን ግን ሐኪሙ ሳያዝዝ በራሳችሁ አታቋርጡ። የእብጠቱንና የደሙን መጠን ለመቀነስ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለጥቂት ቀናት ፕሬድኒሶሎን እንደገና ተሰጠኝ። አስም ያለባችሁ መንፊያችሁን ይዛችሁ ግቡ። ትኩሳት ያለው ጉንፋን ከያዛችሁ ለሆስፒታሉ አሳውቁ፤ ቀጠሮው ቢራዘምባችሁም ለራሳችሁ ደኅንነት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንዲት ሲስተር የሰጡኝ ምክር ነው፦ «ከአሁኑ አፍንጫህን በጣትህ ይዘህ በአፍህ ብቻ መተንፈስና ውኃ መዋጥ ተለማመድ» አሉኝ። ያን ጊዜ ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ ከማደንዘዣው ስነቃ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

በዕለቱ ምግብ ከመብላት ቢያንስ ለስድስት ሰዓት መከልከል ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ውኃም ቢሆን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ የማደንዘዣ ባለሙያው ይነግራችኋል። ቀዶ ሕክምናው ለእኔ የተሠራልኝ በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ፊት ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ መሣሪያዎቹም ካሜራውም የሚገቡት በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ነው፤ ፖሊፑ ይነሣል፣ የተደፈኑት የሳይነስ በሮችም እንዲሰፉ ይደረጋል። እንደ ሕመሙ ስፋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል በር ላይ የሚጠብቃችሁ አስታማሚ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ባለቤቴ ይህን ባለማወቋ ብዙ ተጨንቃለች። ስትነቁ ሕመሙ እንደምትፈሩት አይደለም። የሚያስጨንቀው መታፈኑ ነው፤ አፍንጫ በጎዝ ወይም በስፖንጅ ስለሚታሸግ አየር ያጠረ ይመስላል። በአፋችሁ በዝግታ ተንፍሱ፣ ያልፋል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተዋጠ ደም ጠቆር ብሎ በትውከት ሊወጣ ይችላል፤ ይህ በራሱ አያስደነግጣችሁ፣ ትኩስ ቀይ ደም በብዛት ከወጣ ግን ወዲያው ነርስ ወይም ሐኪም ጥሩ።

ሁሉም ሐኪም አፍንጫን አያሽግም፤ አንዳንዶቹ በራሱ የሚሟሟ ማሸጊያ ይጠቀማሉ። ለእኔ የገባልኝ የሚወጣው ዓይነት ነበርና መውጣቱን በፍርሃት ስጠብቅ ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ከጠቅላላው ሕክምና አስቸጋሪው ደቂቃ እሱ ነው፤ ግን በእርግጥም ደቂቃ ነው። የሚቀልበትም መንገድ አለ፦ ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ፣ የታዘዘላችሁን የሕመም ማስታገሻ ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፣ ራስ የማዞር ስሜት ስለሚኖር ተጋድማችሁ እንዲወጣላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የሚንጠባጠብ ደም ቢኖር ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መቀመጥ ነው እንጂ ራስን ወደ ኋላ አቅንቶ ደም መዋጥ አይገባም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዳንዴም በሁለተኛው፣ አፍንጫው ከውስጥ ስለሚያብጥና የደም ቅርፊት ስለሚይዝ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው ይበልጥ ይታፈናል። «ተቆርጦም ያው ነው» ብለው ቀጠሮ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ ታገሡት። ራሳችሁን በሁለትና ሦስት ትራስ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አትናፈጡ፤ ማስነጠስ ከመጣ አፋችሁን ከፍታችሁ አስነጥሱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሣት፣ ልጅ ማዘል፣ አጎንብሶ ልብስ ማጠብ ለጊዜው ይቅርባችሁ። ስግደትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ራስ ወደ ታች ሲደፋ ደም ወደ አፍንጫ ስለሚወርድ ለጥቂት ሳምንታት ተቀምጦ መጸለይ ይበቃል። ቡናም ሆነ ወጥ በጣም ትኩስ ሆኖ አይወሰድ፤ በርበሬ አፍንጫ ስለሚያስፈስስ እኔ በአልጫ ሰነበትኩ። የዕጣን፣ የሲጋራና የማገዶ ጭስ ባለበት ክፍል አትቀመጡ፤ ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላ፣ ዕጣኑ ግን ይቅር። ከክፍለ ሀገር የመጣችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ጽዳት ሳይደረግላችሁ ወደ አገራችሁ አትመለሱ። ሐኪሟ ቅርፊቱን በካሜራ እያዩ ያነሡልኝ በዚያ ቀጠሮ ነው፤ ቅርፊቱ ሳይነሣ ከቀረ የተከፈተው በር በጠባሳ ሊጣበቅ ይችላል።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ደረስኩ፤ እሱም እጥበቱ ነው። ቀዶ ሕክምናው ፖሊፑን ያነሣል፣ ሽፋኑን ያስቆጣው በሽታ ግን ከእኛ ጋር ይቀራል፤ የተከፈተው መንገድ ጥቅሙ ጨው ውኃውና ስፕሬዩ ከዚህ በፊት ያልደረሱበት እንዲደርሱ ነው። ከመድኃኒት ቤት ኖርማል ሳላይን መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ቤት ውስጥ አዘጋጃለሁ። በአንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ያህል ጨው፣ ማለትም ለጥ ያለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ይበቃል፤ ሶዳው ማቃጠሉን ይቀንሳል። ከተገኘ አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው ይመረጣል። ውኃው የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል፤ አዲስ አበባም ደሴም ከዚህ ከፍታ በላይ ናቸው። ያልፈላ ውኃ ሲጠጣ የማይጎዱ፣ በአፍንጫ ሲገቡ ግን ከባድ አደጋ የሚያመጡ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። ጸበል የምትጠመቁም ቁስሉ እስኪድን ድረስ ወደ አፍንጫችሁ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ሲታጠቡ ሳህን ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አፍን ከፍቶ፣ ለብ ያለውን ውኃ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ወይም ለዚህ በተሠራ ጠርሙስ በዝግታ መግፋት ነው፤ በሌላው ቀዳዳ ወይም በአፍ ይወጣል። መጀመሪያ የሰመጠ ሰው ስሜት ይሰጣል፤ ትለምዱታላችሁ። ስፕሬዩ የሚነፋው ከእጥበቱ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው። የግራውን ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ የቀኙን በግራ እጅ ብትነፉ ጫፉ ወደ መካከለኛው ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል ይዞራል፤ ነስር ያስቸግራቸው የነበሩ ሕሙማን በዚህ ብቻ ሲቀልላቸው አይቻለሁ። ከነፋችሁ በኋላ በኃይል አትሳቡት፤ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ይባክናል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውን ምልክቶች አስታማሚያችሁም ይወቃቸው፦ የማይቆም ደም፣ የዓይን ማበጥ ወይም መጥቆር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መድረቅና ከትኩሳት ጋር፣ እንዲሁም ጎንበስ ሲባል ከአንድ ቀዳዳ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ መንጠባጠብ። የመጨረሻው የአንጎል ዙሪያ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ጉዳቶች እምብዛም አይከሰቱም፤ ሲከሰቱ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የተወገደው ፖሊፕ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ (ሥጋው ምን ዓይነት እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት) ይላካል፤ ውጤቱን ጠይቃችሁ ቅጂውን ያዙ። ሽታን በተመለከተ ለሁሉም እኩል አይመለስም፣ በአንድ ጊዜም አይመጣም። እኔ ቡና ወይም የእናቴ የበርበሬ ድልህ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ቀድሞ የመጣልኝ የሚኒባስ ናፍጣ ጭስ ነበር፤ ያስደሰተኝን ያህል ሌላ ሽቶ አላስደሰተኝም። ሌላው ቀስ በቀስ ተከተለ፤ ጉንፋን ሲይዘኝ ግን ዛሬም ይሸሻል።

ፖሊፕ ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል፤ አስም ባለባቸው ላይ ደግሞ ይበልጥ። በውጭ አገር የምትኖሩ፣ በተደጋጋሚ ለሚመለስ ፖሊፕ በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች እንዳሉ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ዱፒሉማብ የተባለው በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ2019 ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ለእኛ እዚህ ላለነው ዕለታዊው ሥራ ውኃውና ስፕሬዩ ነው፤ ደኅና ሆንኩ ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ባለፈው ክትትል በግራ በኩል ትንሽ እብጠት ታይቶብኛል። ሐኪሟ እጥበቱን ጠዋትና ማታ እንዳደርግና የስፕሬዩን መጠን ከፍ እንዳደርግ አዘዙኝ፤ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ የሚታየው ከፋሲካ በኋላ ባለው ቀጠሮ ነው።